በመርፌ ጥላ ውስጥ የታዩ መስመሮች

በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ወር አጋማሽ፣ የትምህርት ቤቶችን የቤተ ሙከራ ዕቃ በሚያድልና በሚቆጣጠር አንድ ክፍል ውስጥ ከፍተኛ መርማሪ ሆኜ በማገለግልበት ጊዜ፣ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከናዝሬት መጣልኝ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነበር። ገመቹ የተባሉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር «ነገር የሚኖረው ሰው ሲያየው ነው» የሚል የሐሳባዊነት ትምህርት አስተምረዋል ተብለው ተከሰዋል፤ ከማስተማርም ታግደዋል። እርሳቸው በበኩላቸው ያስተማሩት ሳይንስ መሆኑን በሙከራ እንደሚያሳዩ አመልክተዋል። ስለዚህ ሙከራውን ተመልክቶ በፊርማው የሚያረጋግጥ ባለሙያ ይላክ። ያን ዘመን የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ክስ ከጸና በእገዳ ብቻ የሚያበቃ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ፊዚክስ ዐዋቂ ነኝ አልልም። ነገር ግን በሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት አልነበረም። የተመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በደብረ ብርሃን ለሚኖሩ ዘመዶቼ ነው። አብዛኞቹ ከብርዱ ርቀው መሄድ የማይወዱ፣ ቆላ ሲባል ወባ ብቻ የሚታያቸው ናቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 19 ቀን

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሾፌሩ ሽፈራው ይባላል፤ መሥሪያ ቤታችን የነበረውን አሮጌ ላንድሮቨር ከሚስቱ አስበልጦ ያውቀዋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ኬላው ላይ የጉዞ ፈቃዳችን ተመርምሮ አለፍን። ደብረ ዘይት ስንደርስ፣ ጾም ስለነበር፣ ዳቦ በማርማላታና ሻይ አዘዝን። ከበላያችን የጦር አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሻይ የምታቀርበው ሴት ብርጭቆዎቻችንን በመዳፏ ትከድናለች።

«አቧራ ይወርዳል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይወርድም አባቴ። ብርጭቆዎቹ ሲንቀጠቀጡ ስለሚያሳዝኑኝ ነው።»

ሞጆን አልፈን ናዝሬት የገባነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ካፖርቴን ደብረ ዘይት ላይ፣ ኮቴን ሞጆ ላይ አውልቄ ነበር፤ ናዝሬት ላይ የሚወልቅ አጣሁ። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እሳት ይጫርለታል፤ እዚህ ወንበሩ ወደ ጥላ ይዞርለታል። ደግነቱ አንድ ነው፤ የሚለየው አቅጣጫው ነው።

በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት የጠበቁኝ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ንጉሤ ፈራ ተባ የሚሉ፣ መሐረባቸው ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ አለማየሁ ገና አርባ ያልሞላቸው፣ ፊታቸው በደንብ የተላጨ፣ ማስታወሻ በራሳቸው እጅ የሚይዙ ሰው ናቸው። ሦስተኛው የታገዱት መምህር ገመቹ ነበሩ። በዚያ ሙቀት ክራባት አስረው ነበር።

«ጓድ ደምሴ» አሉኝ ጓድ አለማየሁ፣ «እኔ ፊዚክስ አላውቅም። ነገር ግን ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወንበሩ ይጠፋል የሚል ሰው የሠርቶ አደሩን ልጆች እንዲያስተምር አልፈቅድም።»

«እንደዚያ ብለዋል?»

«ተማሪ ጠየቀው። አይጠፋም አላለም!»

ወደ መምህሩ ዞርኩ። «ለምን አላሉም?»

«መልሱ ረጅም ነበር ጋሽ ደምሴ» አሉ መምህር ገመቹ። «ልጀምረው ስል ደወል ተደወለ።»

ጓድ አለማየሁ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «በደወል አታመካኝ! እስከ ዓርብ ጊዜ አለህ። ዓርብ ካላሳየህ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።»

ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ መምህሩ ቤታቸው እንዳርፍ ለመኑኝ። መርማሪ የተመርማሪን እንጀራ ከቆረሰ ፊርማው ዋጋ እንደሌለው ነገርኳቸው፤ ተረድተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ያረፍኩት ወይዘሮ አሰገደች ከሚባሉ ባለ ፔንሲዮን ዘንድ ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልነግራቸው ከእኔ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ለራት ፓስታ በቲማቲም ሱጎ አቀረቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ፓፓያ ተቆርጦ ቀረበ። ፓፓያን እንደ ዱባ ቀቅለው የሚበሉት የሚመስላችሁ ዘመዶቼ፣ ጥሬውን በሎሚ ነው የሚበላው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 20 ቀን

ሙከራው የሚያስፈልገው ጨለማ ክፍልና ፀሐይ ነው። ሁለተኛው በናዝሬት ሞልቷል፤ ለመጀመሪያው ወይዘሮ አሰገደች አሥራ አንድ ብርድ ልብስ አዋሱን። ደብረ ብርሃን ላይ በመጋቢት ብርድ ልብስ የሚያውስ ሰው ቅዱስ ይባላል፤ እርሳቸው «እዚህ ማን ይለብሰዋል?» ብለው ሳቁ።

መስኮቶቹን ከጋረድን በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደጅ ቆሞ በመስተዋት የፀሐይን ብርሃን በቆርቆሮ ላይ ወደ ተበሳች ጠባብ ቀዳዳ ላከ። ፀሐይ ስለምትሄድ እርሱም መስተዋቱን በትንሽ በትንሹ ያዞር ነበር። ከቀዳዳዋ ብዙ እርምጃ ርቆ አንድ የጆንያ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከመርፌው ኋላ ነጭ ወረቀት አለ። በማጉያ መነጽር ወረቀቱን ስመለከት የመርፌው ጥላ ታየኝ። ጥላው ግን ሙሉ ጨለማ አልነበረም። በውስጡ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ነበሩበት፤ የመካከለኛው ከሁሉ ይደምቃል። መምህሩ ከመርፌው በግራ የሚያልፈውን ብርሃን በካርቶን ሲከልሉት መስመሮቹ ጠፉ። ካርቶኑን ሲያነሡ ተመለሱ።

«እያንዳንዷ የብርሃን ቅንጣት» አሉ መምህር ገመቹ፣ «በግራ ወይም በቀኝ ብቻ ብታልፍ ኖሮ እነዚህ መስመሮች አይኖሩም ነበር። ሁለቱም መንገዶች ተቀላቅለዋል። ተማሪዎቼን፣ ‘መንገዷ ካልታየ በዚህ አለፈች አይባልም’ ያልኳቸው ይህን ነው። ‘ካልታየ’ ያልኩት ግን ስንፍናዬ ነው። የሰው ዓይን ምንም ሥራ የለውም። የመጣችበትን ጎን የሚይዝ ምልክት ካለ፣ ማንም ባያነበውም፣ መስመሮቹ ይጠፋሉ። ይህን ነው የማሳየው።»

ለዚህ ምልክት የሚያገለግል ልዩ መነጽር አለ። ብርሃን ሲጓዝ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይርገበገባል፤ ያ መነጽር አንዱን ብቻ፣ ሩብ ዙር ሲዞር ደግሞ ሌላውን ብቻ ያሳልፋል። ከመርፌው ግራ አንዱን የሚያሳልፍ፣ ከቀኝ ሌላውን የሚያሳልፍ ቁራጭ ካደረጉ፣ ብርሃኑ የየጎኑን ምልክት ይዞ ይደርሳል። መምህሩ ከገበያ አንድ ጥቁር መነጽር ገዝተው፣ ሰባብረው፣ በመርፌው ግራና ቀኝ አቆሙ።

ሙከራውን እንዲያይ የተሰየመው ኮሚቴ አባላት አምስት ነበርን። መጀመሪያ ጓድ አለማየሁ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ከደጅ ከገቡ ሁለት ደቂቃ አልሞላቸውም፤ ዓይናቸው ጨለማውን ገና አለመደም።

«እ...» አሉ። «ጠፍተዋል።»

አቶ ንጉሤ ተከተሉ። «በእርግጥ ጠፍተዋል።» የቀሩት ሁለት አባላት አንዱ «ሙልጭ ብለው!»፣ ሌላው «ዱካቸውም የለም» አሉ። ቃለ ጉባኤ ለመያዝ የተቀመጠው ጸሐፊ መጻፍ ጀመረ።

እኔ አምስተኛ ሆኜ ተመለከትኩ። መስመሮቹ ደብዝዘዋል እንጂ እንደነበሩ ናቸው።

ማጉያው ላይ እንዳጎነበስኩ ቆየሁ፤ ይህን አልደብቅም። ዝም ብል መምህሩ በዚያው ዕለት ነፃ ይወጡ ነበር። ቀና ስል መምህሩ ማጉያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አዩ።

«አልጠፉም» አሉ።

አቶ ንጉሤ መሐረባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ገመቹ! ጓድ ጠፍተዋል እያሉህ!»

«ይቅርታ ጓድ፤ አልጠፉም። ይህ መነጽር ያጠቁራል እንጂ ትክክለኛው ዓይነት አይደለም። ገበያው ላይ መለየት ነበረብኝ።»

ጓድ አለማየሁ ወደ መምህሩ ዞሩ። «አንተ ሰው፣ ጠበቃህ ማን ነው?» አሉና እየተገረሙ ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ዓርብ!» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ውጤት አልተገኘም» ብዬ አስጻፍኩ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 21 ቀን

ትክክለኛው መነጽር ውኃ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ፈረንጆች የሚያደርጉት ነው ብለው ነበር መምህሩ። ይህን የሰማው ሽፈራው፣ «ላንጋኖ እንሂዳ ጋሼ! ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ዕቃ ቤት ፈረንጅ የረሳው ነገር ሞልቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መምህሩ ከከተማ እንዳይወጡ ስለተከለከሉ መነጽሩን የምለይበትን መንገድ በግማሽ ገጽ ጻፉልኝና ያለ እርሳቸው ሄድን።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ የሚሄደው መንገድ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። የእኛ መንገድ ገደል ለገደል ስለሆነ ሰው ነጂውን እያየ ይጓዛል፤ እዚህ ግን ሰው ግራር እያየ ይጓዛል። መቂ ላይ ቲማቲም በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ነበር። ዝዋይ ላይ ዓሣ አቀረቡልን፤ እጾማለሁ ስል ባለቤቱ፣ «ዓሣ እኮ ደም የለውም አባባ» አለኝ። «ዓይን ግን አለው» አልኩትና ሽሮ በላሁ። ሽፈራው ሁለት ዓሣ በላ፤ ሐኪም ፈቅዶልኛል አለ። የትኛው ሐኪም እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ቡልቡላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ተጠባባቂውን ብናወርድ እርሱም ተንፍሶ ተገኘ። ከከተማ ከመነሣቴ በፊት መሣሪያ ሁሉ ስመረምር ተጠባባቂ ጎማ አለመመርመሬ የራሴ ጥፋት ነው። በጋሪ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ፈረሱን አቁሞ፣ «አካም ጅርቱ? ነጋ?» ብሎ ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ምንም ሳይጠይቅ ሁለቱን ጎማዎች ጫነ። ሽፈራው አብሮት ሄደ። እኔ ከግራር ሥር ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ባሻገር ካለው ጎጆ አንዲት ሴት በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችልኝ፤ ቀጥላም ውኃ በጣሳ ሰጠችኝ። ስለ ማንነቴ አልጠየቀችም። የተቀመጥኩበት ቦታ ፀሐይ ሲደርስበት መጥታ በርጩማውን ወደ ጥላው ታዞር ነበር፤ ሁለት ጊዜ። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳት፤ የማውቃት አንዷ ቃል ያቺ ነበረች፤ እርሷም ደስ አላት።

ላንጋኖ የደረስነው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። ሐይቁ ሰማያዊ ይመስላችኋል፤ አይደለም፤ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ነው። የሆቴሉ ዕቃ ቤት ኃላፊ ኦቦ ቱፋ የረዘመ ጺም ያላቸው፣ መዝገባቸው ከእኔ የማያንስ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ከአንድ የእንጨት ሣጥን አራት መነጽሮች አወጡ። የመምህሩን ማስታወሻ ይዤ ሐይቁ ዳር ቆምኩ፤ በውኃው ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን በየተራ እየተመለከትኩ መነጽሮቹን እንደ ሰዓት አዞርኩ። ሦስቱ ምንም አላደረጉም። በአራተኛው ነጸብራቁ ጠፋ፤ ሳዞረው ተመለሰ፤ ደግሜ ሳዞረው ጠፋ። ከድንጋዩ ላይ እንደ ልጅ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

«ይኸኛውን እንወስዳለን ኦቦ ቱፋ። ዋጋውን ይንገሩኝ።»

«የሰው ዕቃ እንዴት ይሸጣል?» አሉ ተቆጥተው። «ሰውየው ሲመለስ ምን ልበለው?»

«መቼ ነው የረሳው?»

«ሦስት ዓመት ሆነው። ግን ይመጣል።»

ለምን እንደምፈልገው አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ መነጽሩ እንደሚቆረጥም አልሸሸግሁም። ኦቦ ቱፋ ስለ ብርሃኑ ምንም አልጠየቁም። «መምህሩ፣ መጥፋታቸው ለእርሱ በሚበጀው ጊዜ፣ አልጠፉም አለ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያ ውሰዱ። ግን ወረቀት ጻፉልኝ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ላሳየው።» ጻፍኩላቸው፤ ፈረምኩ። ማኅተም ስላልነበረኝ ቅር ቢላቸውም ለእኔና ለሽፈራው ከሐይቁ ዳር ያለውን ክፍል ከፍተው አሳደሩን። በሕይወቴ ነፋስ እንዲገባ መስኮት ከፍቼ የተኛሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22 ቀን

በጧት ተነሥተን፣ የተለጠፉት ጎማዎች ታምነውልን፣ ከምሳ በፊት ናዝሬት ገባን። የሚነገር ነገር ቢኖር፣ ሽፈራው ቡልቡላ ላይ ወርዶ ለባለ ጋሪው ሽማግሌ አንድ ኪሎ ስኳር መስጠቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምህር ገመቹ የመነጽሩን አንዱን መስተዋት በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጡ፤ ፕላስቲክ ስለነበር አልተሰበረም። ግማሹን እንደነበረ፣ ግማሹን አዙረው በመርፌው ግራና ቀኝ አጣበቁ። ሌላውንም መስተዋት ቆርጠው፣ ብርሃኑ ከመነሻው አንድ ዓይነት እንዲሆን አንዱን ግማሽ ቀዳዳዋ ላይ ሰያፍ ለጠፉት፤ የቀረውን ግማሽ አስቀመጡት። «ይኸኛው፣ ሰያፍ ሲያዝ ሁለቱንም እኩል ስለሚያሳልፍ፣ ምልክቱን የሚደመስሰው ነው» አሉኝ። ውጤቱን አስቀድመን እንይ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ከለከልኳቸው፤ ፀሐይም በደመና ተሸፍና ነበር።

በበኩሌ አንድ ነገር አዘጋጀሁ። ወጣት ሳለሁ የሚዛን መርማሪ ነበርኩ፤ በዚያ ሙያ፣ ሁለት ሰዎች አንድን ሚዛን ሲያነቡ፣ ማንም ድምፁን ከማሰማቱ በፊት እያንዳንዱ ያየውን በየራሱ ወረቀት ይጽፋል። አምስት ወረቀትና አምስት ፖስታ ቆጥሬ ያዝኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 23 ቀን

ደመናው እስከ አራት ሰዓት አልተገለጠም። ጓድ አለማየሁ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ተመለከቱ። ዘበኛው ደጅ ሆኖ፣ «መጣች! መጣች!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ወደ ክፍሉ ገባን።

ወረቀቶቹን ስሰጥ፣ «ማንም አይናገር፤ ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት እንቀመጣለን» አልኩ።

«ይህ በእኔ ላይ ያነጣጠረ ነው?» አሉ ጓድ አለማየሁ።

«በእኔም ላይ ነው ጓድ። ማክሰኞ ዕለት ልዋሽ ጥቂት ነበር የቀረኝ።»

ከጨለማው ውስጥ አጭር ሳቅ ተሰማ፤ የእርሳቸው ነበር።

በሦስት ደረጃ ተመለከትን፤ መጀመሪያ መርፌውን ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ቁራጮች በግራና በቀኝ ተደርገው፣ በመጨረሻ የቀረው ግማሽ መስተዋት ከወረቀቱ ፊት ለፊት ሰያፍ ተይዞ። በየደረጃው ጻፍን፤ ፖስታው ታሸገ። መጋረጃው ተነሥቶ ፖስታዎቹን ስከፍት የአቶ ንጉሤ ወረቀት፣ «ጓድ አለማየሁ ያዩትን አይቻለሁ» ይላል። መለስኩላቸው። ፊታቸው ቀልቶ፣ መጋረጃው ተመልሶ ሲወርድ ዳግመኛ አዩና ጻፉ። አምስቱም ወረቀቶች አንድ ሆኑ፦ መስመር አለ፤ መስመር የለም፤ መስመር ተመልሷል።

«ሁለተኛው ላይ» አሉ ጓድ አለማየሁ በዝግታ፣ «ብርሃን በሁለቱም በኩል ያልፍ ነበር። ማንም ግን የትኛው በየት እንደመጣ አላየም።»

«ማንም አላየም» አሉ መምህር ገመቹ። «ምልክቱ ብቻ በቃ። የወንበሩም ነገር ይኸው ነው ጓድ። የተማሪው ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ወንበሩን አየሩ ከየአቅጣጫው ይነካዋል፤ ብርሃኑ ይነካዋል። እያንዳንዱ ንክኪ የት እንዳለ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ክፍሉ ባዶ ቢሆንም ወንበሩ አንድም ጊዜ ሳይነካ አይውልም። ስለዚህ ቦታውን ይዞ ይገኛል። ትንሿ ቅንጣት ግን የሚነካት ከሌለ አንድ መንገድ አትይዝም።»

«ስለዚህ ቁስ ነው ቁስን የሚወስነው። ንቃተ ህሊና የለበትም።»

«የለበትም።»

«ታዲያ ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አላልክም አንተ ሰውዬ!»

«ደወል...»

«ደወሉን ተወው!» አሉ፤ ነገር ግን ይስቁ ነበር።

ለትክክለኛነት ሲባል አንድ ነገር መመዝገብ አለብኝ፤ በቃለ ጉባኤውም አስጽፌዋለሁ። ሙከራው ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ አላሳየንም፤ ለዚያ የሚበቃ መሣሪያ በእጃችን አልነበረም። ስለ ወንበሩ የተባለውም የመምህሩ ማብራሪያ እንጂ በዓይናችን ያየነው አይደለም። ያየነው ከሰው ዓይን ሳይሆን ከምልክቱ ጋር መስመሮቹ እንደሚሄዱና እንደሚመጡ ነው። ይህንኑ ብቻ ፈረምን።

ብርድ ልብሶቹን አራግፈን ስንመልስ ወይዘሮ አሰገደች የተልባ ፍትፍት አዘጋጅተው ጠበቁን። አሁን ምርመራው ስላበቃ ከመምህሩ ጋር በአንድ ገበታ ቀረብኩ። ክራባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሁለት ጊዜም አስጨመሩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ባለ ስድስት ገጽ ሪፖርት አቀረብኩ። የውሳኔው ደብዳቤ ግልባጭ ለክፍላችን ሲደርስ እንዲህ ይል ነበር፦ «በመምህር ገመቹ ላይ የቀረበው ክስ በአምስት የኮሚቴ አባላት ፊት በተደረገ ሙከራ መሠረት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ እገዳው ተነሥቶ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የማስተማር ሥራቸው እንዲመለሱ፤ ያልተጠናቀቀውንም መልስ ለተማሪዎቹ እንዲያሟሉ ተወስኗል። ሚያዝያ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.»